ሆርሞን የሚያመነጨውን ሕዋስ በኦቫሪ ዕጢ ውስጥ መፈለግ፦ ከመጠየቂያ ቅጹ እስከ ስላይዱ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ሐረር የደረሰ አንድ ናሙና አለ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አብሮት በመጣው የምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ከስምና ከዕድሜ በቀር የሰፈረው «የግራ ኦቫሪ ዕጢ» የሚል ብቻ ነበር። ዕጢውን ስቆርጠው ጠጣርና ቢጫ ሆኖ አገኘሁት፤ በማይክሮስኮፕ ስመለከተውም ቴኮማ የሚባለው፣ በአብዛኛው ወደ ሌላ አካል የማይዛመት ዕጢ ነበር። ውጤቱን ጽፌ ለመፈረም ብዕር ካነሣሁ በኋላ ቢጫነቱ ዝም አላሰኘኝምና ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገው ሐኪም ደወልኩ። የ58 ዓመቷ ሴት ካረጠች ከ7 ዓመት በኋላ እንደገና ደም ማየት ከጀመረች 5 ወር እንዳለፋት፣ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ማኅፀኗ ሳይመረመር እንደቀረ የሰማሁት ያኔ ነው። በዚያው ሳምንት ከማኅፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ናሙና ተወስዶ ሲታይ፣ ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ተገኘበት። ዕጢው ወጥቷል፤ ለብዙ ወራት ሲያመነጭ የቆየው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በድሬዳዋ፣ በሐረርና በዙሪያቸው ባሉ የጤና ተቋማት ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው፤ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ውጤቷን ይዛ «ይህ ምን ማለት ነው?» የምትል አንባቢም ብታነበው አይከፋኝም። በቅድሚያ ግን አንድ የቃል ችግር እናስወግድ። በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ ያለ ልክ ያደገውን እብጠትም ስለሆነ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ይምታታል። ስለዚህ እዚህ ውስጥ አካሉን ኦቫሪ፣ እብጠቱን ዕጢ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ማን ምን ያመነጫል?

በጤነኛ ኦቫሪ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚሠራው በሁለት ዓይነት ሕዋሳት ቅብብል ነው። የእንቁላሉን ከረጢት ከውጭ የከበቡት የቴካ ሕዋሳት፣ ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ በሚመጣው ኤል ኤች በተባለ ሆርሞን ታዝዘው፣ ከኮሌስትሮል ተነሥተው አንድሮጅን የሚባሉትን የወንድ ሆርሞኖች ይሠራሉ። ከውስጥ በኩል ያሉት የግራኑሎሳ ሕዋሳት ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤች በተባለው ሌላ ሆርሞን ታዝዘው፣ ያንን አንድሮጅን ተቀብለው አሮማቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ኤስትሮጅን ያደርጉታል። ቴካ ሊጡን ያቦካል፣ ግራኑሎሳ ይጋግራል ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሕዋሳት ስብ አጠራቅመው ይወፍራሉ፤ ፕሮጄስትሮንም ማምረት ይጀምራሉ። ይህ መወፈር ሉቲናይዜሽን ይባላል፤ ኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር ስንደርስ ደጋግመን የምንፈልገው ቃል ነው።

በዕጢ ውስጥ ሆርሞኑ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ዕጢው ራሱ ከእነዚሁ ሆርሞን አምራች ሕዋሳት ሲነሣ ነው። የግራኑሎሳ ሕዋስ ዕጢ ከአደገኛ የኦቫሪ ዕጢዎች ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን ያመነጫል፤ በብዛት የሚታየውም በ50ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ነው። ቴኮማም እንዲሁ ኤስትሮጅን ያመነጫል። የሰርቶሊና የላይዲግ ሕዋሳት ዕጢ በአንጻሩ ከሁሉም የኦቫሪ ዕጢዎች ከ0.5 በመቶ በታች የሆነ ብርቅ ነገር ሲሆን፣ የሚይዘው በአመዛኙ ወጣት ሴቶችን ነው፤ የሚታወቀውም በወንድ ሆርሞን አምራችነቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዕጢው ራሱ ሆርሞን የማያመነጭ፣ ለምሳሌ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የተሞላ ሚዩሲነስ ዕጢ፣ ወይም ከጨጓራ ካንሰር ተዛምቶ ኦቫሪ ላይ የሰፈረ ክሩከንበርግ የሚባለው ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እየገፋ የመጣው ዕጢ በዙሪያው ያለውን የኦቫሪውን ደጋፊ ሥጋ፣ ማለትም ስትሮማውን፣ ይቀሰቅሰዋል፤ የስትሮማው ሕዋሳት ሉቲናይዝድ ሆነው ኤስትሮጅን ወይም አንድሮጅን ማምረት ይጀምራሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይህ ይበረታል፤ ኤች ሲ ጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ልክ እንደ ኤል ኤች እነዚህን ሕዋሳት ስለሚያነቃቃ ነው። ሆርሞኑን የሠራው ሕዋስ እንግዲህ ዕጢ የሆነው ሕዋስ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። በዚህ ሙያ ከታዘብኳቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የመጡት ይህን ጎረቤት ካለመፈለግ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው፦ ኦቫሪ ውስጥ የማይጠበቅ ባዕድ ሕዋስ ሲበቅል። ስትሩማ ኦቫሪ የሚባለው ዕጢ ታይሮይድ የተባለውን የአንገት እንቅርት ሥጋ የያዘ ቴራቶማ፣ ማለትም የሌላ አካል ሥጋ የሚበቅልበት ዕጢ፣ ነው፤ ጥቂቶቹ ታካሚዎች ላይ አንገታቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ምልክት ያመጣል። ካርሲኖይድ የሚባለው ዕጢ ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ከአንጀት የተነሣ ካርሲኖይድ ወደ ጉበት ካልተዛመተ በቀር የፊት መቅላትና የተቅማጥ ምልክቶቹን እምብዛም አያሳይም፤ ጉበት ሆርሞኑን አጣርቶ ያስቀረዋልና። የኦቫሪ ደም ግን በጉበት በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ልብ ስለሚመለስ፣ ሳይዛመትም ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል።

ታካሚዋን መጠየቅ

ፍለጋው የሚጀምረው ከማይክሮስኮፑ ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ሴቶች ሻሽ ወይም ሒጃብ ለብሰው ስለሚመጡ የግንባር ፀጉር መመለጥም ሆነ የአገጭ ፀጉር መብቀል በዓይን አይታይም፤ ሴትየዋም ካልተጠየቀች አታነሣውም። ባል፣ አማት ወይም ልጅ ባለበት መጠየቅ ትርፉ «ምንም የለብኝም» የሚል መልስ ነው። ስለዚህ ብቻዋን፣ ከተቻለም በሴት ባለሙያ ትጠየቅ። በትክክል የተመረጠ ጥያቄ ብዙ ያወጣል። «ድምፅሽ ወፍሯል?» ከማለት ይልቅ «ስልክ ስታነሺ ወንድሜ ብሎ የመለሰልሽ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ እንደሚያስገኝ ከአንዲት አዋላጅ ነርስ ተምሬአለሁ። አንዲት የድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ ስትመልስ፣ ደንበኞቿ በስልክ ባሏ መስላቸው ሰላምታ እንደሚሰጧት እየሳቀች ነግራን ነበር፤ ለ4 ወር ያህል ሲሆን ከጉንፋን ቆጥራው ነበር።

ጊዜው ከምልክቱ እኩል ይመዝናል። ከጉርምስና ጀምሮ ቀስ በቀስ የመጣ የፀጉር መብዛትና የወር አበባ መዛባት በአብዛኛው ብዙ ሴቶች ላይ የሚታየው የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ችግር ነው፤ ዕጢ አይደለም። በወራት ውስጥ የመጣ፣ ድምፅን ያወፈረ፣ ቂንጥርን ያሳደገ፣ ጡትን ያሳነሰ፣ የወር አበባን ያቋረጠ ለውጥ ግን ከኦቫሪ ወይም ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ሆርሞን የሚያፈስ ዕጢ እስኪፈለግ ድረስ ዕረፍት አይሰጥም።

ያረጡ እናቶች ላይ ተቃራኒ የሆነ ችግር አለ። «እማማ፣ ደም ያዩት ከመቼ ወዲህ ነው?» ሲባሉ አንዳንዶቹ አፍረው ይደብቃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «አበባዬ ተመለሰልኝ» ብለው በደስታ ይናገራሉ። ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ደም ሁሉ ምርመራ ይፈልጋል፤ በአልትራሳውንድ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ናሙና መውሰድ ግድ ነው። ኦቫሪው ላይ ዕጢ ከታየ ናሙናው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ግራኑሎሳ ዕጢ ካለባቸው ሴቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በዚያው ጊዜ የማኅፀን ሽፋን ካንሰር አብሯቸው ይገኛልና። ከ8 ዓመት በታች ያለች ሕፃን ጡት አውጥታ ወይም ደም ታይቶባት ከመጣችም የግራኑሎሳ ዕጢ የሕፃናት ዓይነት ይታሰብ፤ ወላጆች ነገሩን ከመጥፎ ዓይን ወይም ከምግብ ጋር አያይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ያለ ቁጣ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ደሙን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መውሰድ

ዕጢው ከወጣ በኋላ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያልተወሰደ ደም ዳግመኛ አይገኝም። ምርመራው በአካባቢው የማይሠራ ቢሆንም እንኳ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 5 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወስዶ፣ ሴረሙን (የደሙን ጥርት ያለ ፈሳሽ) ለይቶ፣ በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጦ መቆየት ይቻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሚወሰደው ሁለተኛ ናሙና ጋር ሲነጻጸር፣ ቁጥሩ መውደቁ ሆርሞኑ ከዚያው ዕጢ ይመጣ እንደነበር ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ከ200 ናኖግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ዕጢ በብርቱ ይጠረጠራል፤ ውጤቱ በናኖሞል በሊትር ከመጣ ይህ ቁጥር ወደ 7 ይጠጋል። ሁለቱ መለኪያዎች ተደባልቀው 7 የሚለውን ቁጥር «ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ» ብለው ያለፉ ሰዎች አጋጥመውኛልና ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ያንብቡ። ከ200 በታች መሆኑ ዕጢ የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ያረጡ ሴቶች ላይ ከዚህ ያነሰው ቁጥርም ያሳስባል። ግራኑሎሳ ዕጢ ሲጠረጠር ኢንሂቢን ቢ እና ኤ ኤም ኤች ይጠቅማሉ፤ ሁለቱም የግራኑሎሳ ሕዋስ ምርቶች በመሆናቸው ያረጠች ሴት ደም ውስጥ ሊገኙ አይገባም። ሲኤ 125 የተባለው፣ በኦቫሪ ካንሰር የተለመደው ምርመራ ግን በእነዚህ ዕጢዎች ላይ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ስለሚገኝ አያጽናናችሁ።

አንድ የሚዘነጋ ወጥመድ አለ። ፀጉሯ የሚመለጥባት ሴት ፋርማሲ ገብታ የምትገዛው የመጀመሪያው ነገር ባዮቲን ያለበት የፀጉርና የጥፍር እንክብል ነው። ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ በርካታ የሆርሞን መመርመሪያ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ቴስቶስትሮንንና ኢስትራዲዮልን በሐሰት ከፍ፣ ኤፍ ኤስ ኤችን በሐሰት ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ደግሞ በትክክል ሆርሞን አምራች ዕጢ የሚያሳየው መልክ ነው። ስለዚህ ደም ከመወሰዱ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ቀን በፊት እንክብሉ ይቁም።

ብልቃጡና ፎርማሊኑ

በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊን ውስጥ ያልገባ ናሙና ከሰዓት ወደ ሰዓት ይበላሻል፤ ቀድመው ከሚጠፉት ውስጥም የምንፈልጋቸው ስብ የተሞሉ ስስ ሕዋሳት አሉበት። ፋብሪካ የሚያመርተው ፎርማሊን 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ወይም በፈር ጋር ተቀላቅሎ 10 በመቶ የሚባለው ይሆናል፤ ብዛቱም ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ በ1 ሊትር ዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ፎርማሊኑ እርጥበት ብቻ ሆኖ ሲመጣ ማየት ያማል።

ዕቃው ሰፊ አፍ ያለው ይሁን። አንገቱ ተቆርጦ በፕላስተር የታሸገ ሃይላንድ ተቀብለን እናውቃለን፤ ሲገባ ለስላሳ የነበረው ኦቫሪ ፎርማሊን ውስጥ ጠንክሮ አልወጣ ስላለ ዕቃውን በመቀስ መቅደድ ነበረብን፤ የዕጢው ሽፋንም አብሮ ተቀደደ። ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ሽፋኑ በሆድ ውስጥ መቀደዱና አለመቀደዱ የበሽታውን ደረጃ ስለሚለውጥ፣ በእኛ መቀስ ይቀደድ በቀዶ ሐኪሙ እጅ መለየት አልቻልንም ነበር። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው ከነሙሉ ሽፋኑ መውጣቱን በቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ናሙናው በዚያው ቀን ላቦራቶሪ የሚደርስ ከሆነ ሳይቆረጥ ይላክ። የማይደርስ ከሆነ ፎርማሊን ወደ ሥጋ ዘልቆ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ትልቁ ዕጢ መሐሉ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ የሽፋኑ ሁኔታ ከተጻፈና በስልክም ቢሆን ፎቶ ከተነሣ በኋላ በረጅሙ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰንጥቆ ይገባ። ስምና ቁጥር በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ጎን ይለጠፍ፤ ክዳኖች ይለዋወጣሉ።

በቅጹ ላይ ዕድሜ፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን፣ የደም መፍሰስ ወይም የድምፅና የፀጉር ለውጥ ከነጊዜው፣ እርግዝና መኖር አለመኖሩ፣ የሆርሞን ውጤት ካለ ከነመለኪያው፣ የምትወስደው ሆርሞን ነክ መድኃኒት፣ ዕጢው የወጣበት ሰዓት፤ ይኸው ነው። ሦስት መስመር አይሞላም።

በመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ

ዕጢው በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆራረጥና ቀለሙ በጥሩ ብርሃን ይታይ። ስቴሮይድ ሆርሞን የሚሠራ ሕዋስ ጥሬ ዕቃውን በስብ መልክ ስለሚያከማች ብዙ ጊዜ ቢጫ ይሆናል፤ ከለጋ ቅቤ እስከ ብርቱካን ድረስ ያለ ቢጫ። ደም የተሞሉ ከረጢቶች በቢጫማ ጠጣር ሥጋ መሐል ከታዩ ግራኑሎሳ ዕጢን ያስቡ። ድፍን ነጭ፣ እንደ ጥጥ ድር የተጠማዘዘ ከሆነ ፋይብሮማ ነው፤ እሱ ሆርሞን እምብዛም አያመነጭም። ደም ሥሮች ወደ ኦቫሪው በሚገቡበት በኩል፣ ሒለም በሚባለው ቦታ፣ ትንሽ ቡናማ እብጠት ካለ የላይዲግ ሕዋስ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ለዓይን ስለሚያመልጥ በጣትም ይዳሰስ።

የተለመደው ደንብ በዕጢው ትልቁ ስፋት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር አንድ ካሴት (ቁራጩ ሥጋ የሚገባበት ትንሽ ሣጥን) መውሰድ ነው። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ግዴታዎች እጨምራለሁ፦ ዕጢው ከቀረው ኦቫሪ ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ፣ እና ሒለሙ። ጎረቤቱ የሚኖረው እዚያ ነው። የሚዩሲነስ ዕጢ ግድግዳ ቀጭን ከሆነ ተጠቅልሎ በጠርዙ ይቁም፤ ወፈር ያለበትና ቢጫ ያለበት ቦታ አይታለፍ። ደግሞም አንድ ቁራጭ ሳይሠራ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥጋው በሰም በሚታሸግበት በተለመደው የፓራፊን ሂደት አልኮልና ዛይሊን ስቡን ሙልጭ አድርገው ስለሚያጥቡት፣ በኋላ የስብ ቀለም መቀባት ቢያስፈልግ ስቡ የሚገኘው በዚያ በተቀመጠው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ቀለም እንደ ልብ ባይገኝም ቁራጩን ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

በማይክሮስኮፕ ሥር

የግራኑሎሳ ሕዋስ ዕጢ ኒውክሊየስ (የሕዋሱ እምብርት) በዓለም ዙሪያ ባሉ ፓቶሎጂስቶች ዘንድ የሚታወቀው በቡና ፍሬ ነው፤ ለሐረር ሰው ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም። የተፈለፈለ ቡና በጠፍጣፋ ጎኑ ሲገለበጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታየው ስንጥቅ በፈዛዛው ኒውክሊየስ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ቡና ሁሉ በጀርባው እንደማይተኛ፣ ሕዋሱም ሁሉ ስንጥቁን አያሳይም፤ ጥቃቅን ማስተካከያውን ወደፊትና ወደ ኋላ እያዞሩ መፈለግ ያስፈልጋል። ስላይዱ ከ3 ወይም 4 ማይክሮን በላይ ከወፈረ ወይም ኒውክሊየሱን የሚያቀልመው ሄማቶክሲሊን ከጠቆረ ስንጥቁ ይጠፋል፤ «የለም» ከማለት በፊት እንደገና ይቆረጥ። በሕፃናቱ ዓይነት ላይ ስንጥቁ እምብዛም የለም፤ ኒውክሊየሱ ክብና ጠቆር ያለ ነው።

ሌላው ምልክት ሕዋሳቱ በአንድ ትንሽ ቀይ ጠብታ ዙሪያ እንደ ጉልላት ክብ ሠርተው የሚቆሙበት ኮል ኤክስነር አካል ነው። ስያሜው በ1875 እ.ኤ.አ. በቪየና ያመለከቱትን ኤማ ኮልንና ሲግመንድ ኤክስነርን ያስታውሳል፤ ኤማ ኮል ሴቶች ሐኪም መሆናቸው ራሱ እንግዳ በነበረበት ዘመን የሠራች አሜሪካዊት ሐኪም ናት፤ ስሟ በየቀኑ ሲጠራ ሴት መሆኗን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሉቲናይዝድ የስትሮማ ሕዋስ ከዚህ ይለያል። ሰፊና ማዕዘን ያለው፣ ውስጡ ሮዝ ወይም አረፋ የመሰለ፣ ኒውክሊየሱ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ጎላ ያለ ነጥብ ያለው ነው፤ ብቻውን ወይም በትንንሽ ጉብ ጉብ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከዕጢው ቱቦዎች ሥር፣ ወይም በጠርዙ በኩል። በዝቅተኛ ማጉያ ሲታይ በሰማያዊው ስትሮማ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ይመስላል፤ ስለዚህ ፍለጋው በ4 ማጉያ ይጀመር። ስብ የዋጠ ማክሮፌጅ የተባለው የጽዳት ሕዋስ በጣም ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሚገኘው ደም በፈሰሰበትና በሞተ ሥጋ ዙሪያ ነው፤ ኢንሂቢን በተባለው የኢሚዩኖ ቀለምም (የተወሰነ ፕሮቲን ያለበትን ሕዋስ ለይቶ በሚያቀልመው) አይቀባም።

የሒለም ላይዲግ ሕዋሳት ከነርቭ ጭረቶች አጠገብ ይሰባሰባሉ። ውስጣቸው ሮዝ ዘንግ የመሰለ የራይንከ ክሪስታል ከተገኘ ማንነታቸው ያከትማል፤ ክሪስታሉ ካልተገኘ ግን አይደሉም ለማለት አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ አይገኝምና።

ርካሹን ቀለም አንናቅ። ሬቲኩሊን የተባለው የብር ቀለም ግራኑሎሳን ከቴኮማ ይለያል፦ በግራኑሎሳ ጥቁሩ ክር የሕዋሳትን ቡድን በጅምላ ሲያጥር፣ በቴኮማ እያንዳንዱን ሕዋስ ለየብቻ ይከባል። ኢሚዩኖ ቀለም የሚሠራበት ላቦራቶሪ ከተገኘ ኢንሂቢን፣ ካልሬቲኒንና ኤስ ኤፍ 1 ይታዘዛሉ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ፦ ውጤቱ «ኢንሂቢን ፖዘቲቭ» ይላል፤ ሐኪሙም ግራኑሎሳ ዕጢ ነው ብሎ ይደመድማል። ኢንሂቢን ግን ሉቲናይዝድ ስትሮማንም ይቀባል። የጨጓራ ካንሰር በተዛመተበት ኦቫሪ ላይ ቡናማው ቀለም ሊታይ ይችላል፤ የተቀባው ግን የካንሰሩ ሕዋስ ሳይሆን በመሐሉ ያለው የስትሮማ ሕዋስ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ተቀባ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «የተቀባው የትኛው ሕዋስ ነው?» የሚለው ነው። የጎላው ጥርጣሬ ካልጠራ፣ አዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ግራኑሎሳ ዕጢዎች ከ100ው ከ90 በላይ በሆኑት ላይ የሚገኘው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የፎክስ ኤል 2 ጂን ለውጥ ይለየዋል፤ ይህ ምርመራ ግን ብሎኩን (በፓራፊን የታሸገውን ሥጋ) ራቅ ወዳለ ማዕከል መላክ ይጠይቃል።

ነፍሰ ጡር ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሉቲዮማ የሚባለው የእርግዝና እብጠት በአንዱ ወይም በሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ ቡናማ ጉብታዎች ሠርቶ የእናቲቱን ድምፅ ሊያወፍርና ፀጉር ሊያበቅል ይችላል፤ ነገር ግን ዕጢ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይከስማል። ኦቫሪ ለማውጣት መቸኮል እዚህ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል።

ውጤቱን መጻፍ

የዕጢው ስም ብቻውን በቂ አይደለም። ሆርሞን አምራች የሚመስለው ሕዋስ የቱ እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ከምልክቷ ጋር እንደሚሄድና እንደማይሄድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ ለምሳሌ «ዕጢው ሚዩሲነስ ሲስትአዴኖማ ነው፤ በግድግዳው ሥር ሰፊ ሉቲናይዝድ ስትሮማ ይታያል፤ ይህም ከቀረበው የድምፅ ለውጥ ጋር ይስማማል»። ሕዋሱ ካልተገኘ ያም ይጻፍ፤ አድሬናሏ እንዲታይም ይመከር። ኤስትሮጅን የሚያመነጭ ዕጢ ከሆነ የማኅፀን ሽፋኑ ናሙና ካልተወሰደ እንዲወሰድ ይጠቆም፤ ከላይ ያነሣኋት ሴት ውጤት ያለዚህ አንድ መስመር ሊፈረም ትንሽ ቀርቶት ነበር።

የወፈረ ድምፅ ሆርሞኑ ከወረደ በኋላም ላይመለስ እንደሚችል ለታካሚዋ አስቀድሞ ይነገራት፤ ፀጉሩ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ የወር አበባም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ግራኑሎሳ ዕጢ ከሆነ ደግሞ 10፣ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ቆይቶ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ክትትሉ በ5 ዓመት አይዘጋም፤ ኢንሂቢን ቢ በየጊዜው ይለካል። በዚያን ጊዜ የሚያያት ሐኪም ዛሬ የተሠራውን ስላይድ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይፈልጋል፤ እኛ ያኔ በቦታው ላንኖር እንችላለን። ስለዚህ የፓቶሎጂ ቁጥሩንና ብሎኩ የተቀመጠበትን ላቦራቶሪ ስም በትልቁ ጽፈን፣ የውጤቱን አንድ ቅጂ በእጇ ሰጥተን፣ ከልጆቿ የልደት ወረቀት ጋር አብራ እንድታስቀምጠው እንነግራታለን።